የአምፕሊፋየሩ ልብስ

ዘፋኙ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሙዚቃው እንደገና ቀጥ አለ። የተማሪ ሰርቪሱ በማጉረምረም ተሞላ፤ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ የቀረውን ዘፈን በጎርናና ድምፁ ሊጨርሰው ሞከረ። ሁሉም ሲስቁ ቀጮ አልሳቀችም። ሹፌሩ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ፊቱ ሲጠቁር በመስታወቱ አይታዋለች።

ተማሪዎቹ ወርደው ሲያልቁ የወንድሟ አፍ ተከፈተ። ድምፁን የሚያጎላውን አምፕሊፋየር፣ ያንን ከኋላ ወንበር ስር ያለ ጥቁር ሳጥን፣ የገጠመለት ኤሌክትሪሻን አብሮ አደጉ ነው። አሮጌ ዕቃ አሸክሞኛል፣ ዛሬ ልክ ልኩን ነግሬው ከእሱ ጋር በቃን ብሎ ዛተ። ቀጮ መስኮት መስኮቱን አየች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጥፋቱ የኤሌክትሪሻኑ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ችግሩ የማን እንደሆነም ማወቋ ነው።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ራቁቱን የቆመ ዕቃ ማየት አትወድም። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቀሚስ አለው፣ ፍሪጁ ሽርጥ ታጥቋል። አምፕሊፋየሩ በተገጠመ ሰሞን ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ በጥብጣብ የሚታሰር የከፋይ ልብስ ሰፋችለት። የተሰበረ እጇ ከጀሶ ከወጣ በኋላ የሰፋችው የመጀመሪያ ነገር ነበር። ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ጨረሰችውና አለቀሰች፤ ልጆቿም አብረዋት አለቀሱ።

ባለፈው ሳምንት ቀጮ ማንም ሳያያት ልብሱን አወለቀችው፤ ሙዚቃው ሳይቋረጥ ቤት ገቡ። በማግስቱ መልሳ አለበሰችው፤ ሙዚቃው መንገድ ላይ ተቋረጠ። ሳጥኑ ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ብረቶች አሉት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በእነሱ ነው። አየር ሲያጡ ሳጥኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ይህን ሁሉ አውቃ ዝም አለች። እንዲያው ምን ብላ ትናገር?

በራቸው ላይ ሲደርሱ እናታቸው ቆማ እየጠበቀቻቸው ነበር፤ በእጇ ሌላ ከፋይ ይዛለች። ወንድሟ ሞተሩን ሳያጠፋ ቀጮን ውረጂ፣ ወደዚያ ሰውዬ ልሂድ አላት። እናት በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ አንዱ ልብስ ስላልበቃው ነው አቧራ እየገባበት የሚጠፋው፣ እስቲ ይህን ደርቡለት አለች።

ቀጮ ወንድሟን ሞተሩን አጥፋው አለችው። የኋላውን በር ከፈተችና የእናቷን እጅ ይዛ ከወንበሩ ስር፣ ከልብሱ ውስጥ አስገባችው።

«ውይ፣ ያተኩሰዋል» አለች እናት።

እጇን ቶሎ አላወጣችም። ሁለት ልጅ አሳድጋለች፤ ትኩሳት ላለበት ልብስ እንደማይደረብ አታጣውም። በሌላ እጇ የያዘችውን ከፋይ አየች፤ ከዚያ ልጇን።

«እኔ ነኛ ያፈንኩት?»

«አይደለም» የሚለው ቃል ቀጮ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድሟ ከመሪው ዞሮ ያያታል።

«አዎ፣ እማዬ» አለች። «አየር አጥቶ ነው።»

ወንድሟ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ካለፈው ሳምንት።»

«ታዲያ ምን አፍሽን ያዘው?»

የቀጮ ዓይን የእናቷ እጅ ላይ አረፈ። እናትም የልጇን ዓይን ተከትላ እጇን አየችው።

«ድኗል እኮ፣ ልጄ» አለች። ጎንበስ ብላም ጥብጣቡን በሁለት እጇ መፍታት ጀመረች።