የወዳጅ አገር ዕቃ

የጀይላን አይሱዙ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ ሲታጠፍ ከኋላ የምትከተላቸው ግራጫ መኪናም ታጠፈች።

«አሁንም አለች» አለች ቢልቂስ፣ ዓይኗን ከጎን መስታወቱ ሳትነቅል።

«የማን ናት?»

«የእኛ ሰዎች መሆን አለባቸው። ዝም ብለህ ንዳ።»

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ቢልቂስን የሚያውቋት ያገለገለ የመኪና ባትሪ ስትሸጥ ነው። የደኅንነት ሠራተኛ መሆኗን የሚያውቁት አለቃዋ ደገፋና ጀይላን ብቻ ናቸው። ጀይላን ከወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው። አንድ ኤምባሲ በድብቅ ዕቃ እንዲያመጣለት ሲጠይቀው ነገሩ አላማረውም፤ ለእሷ ነገራት። «ምንም አይደርስብህም» አለችው።

ዕቃው አሁን ከእግሯ ሥር ነው። በእርሳስ ሳጥን የታሸገ ዩራኒየም። የኤምባሲው መንግሥት እንዲህ ከየአገሩ በጥቂት በጥቂቱ እየሰበሰበ የኒውክሌር ቦምብ ሊሠራ ነው።

ደጋግማ ሪፖርት አድርጋለች። መልሱ ሁሌም «በትኩረት እየተከታተልነው ነው» የሚል ነበር። መንግሥት በየስብሰባው የኒውክሌር ስጋትን ያወግዛል። የማን ስጋት እንደሆነ ግን አይናገርም። ያ አገር ወዳጅ ነው። ይህ ነገር ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስቷታል።

ዛሬ ግን ተፈቅዶላታል። የኤምባሲው አታሼ ከልደታ ማርያም በታች ሳጥኑን ሲቀበል ፖሊስ እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። የዘመቻው ስም «ሠርግ» ነው።

ስልኳ ጠራ። ደገፋ ነው። በስልክ «አጎቴ» ነው የምትለው።

«ሠርጉ ቀርቷል።»

«እንዴት አጎቴ? እንግዳው ደርሷል እኮ።»

«ስጦታውን ይውሰድ። ሚኒስትራቸው ነገ ይገባሉ። ትእዛዙ ከላይ ነው።»

«ሹፌሩስ?»

«በኮንትሮባንድ እንይዘዋለን። የሆነ ሰው መያዝ አለበት።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

«ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

ዘጋው። ግራጫዋ መኪና ተጠጋች።

የመጡት ለጀይላን ነው።

ሁሉንም ነገረችው። መሪውን እንደያዘ አዳመጣት።

«ዓለም አቀፍ የኒውክሌር ተቆጣጣሪዎች ለስብሰባ ከተማ ገብተዋል» አለች። «ሳጥኑ እነሱ እጅ ከገባ ማንም አፍኖ አያስቀረውም። አንተ ውረድና ጥፋ።»

«ሁለታችንም ከጠፋን መንገዱን ሁሉ ይዘጉብሻል።» ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን በጆንያ የተጠቀለለ አሮጌ ባትሪ አሳያት። «ለአታሼው ይህን እወስድለታለሁ። ፈቶ እስኪያየው ትደርሻለሽ።»

«አይሆንም ጀይላን።»

«ልጆቼ እዚሁ ዓለም ላይ ነው የሚኖሩት። ሂጂ።»

ታክሲዎች ያጨናነቁት መታጠፊያ ላይ አቀዘቀዘላት። ሳጥኑን ዘንቢል ውስጥ ከታ በሁለት ሚኒባሶች መሃል ወረደች። ግራጫዋ መኪና አይሱዙውን ተከትላ አለፈች።

በብየዳ ቤቶቹ መሃል ገባች። ክብደቱ ትከሻዋን ሊገነጥለው ደረሰ። መሮጥ አልቻለችም፤ የሚሮጥ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

«ቢልቂስ፣ ባትሪ ገባ?» አላት አንድ ደንበኛዋ።

«ነገ ና።»

ከታች በኩል ተኩስ ተሰማ።

እንደገና።

አልዞረችም።

ተቆጣጣሪዎቹ ካረፉበት ሆቴል አንዲት ሸበቶ ሴት ተቀበለቻት። የሳጥኑን ክዳን ገርበብ አድርጋ የጨረር መለኪያ መሣሪያዋን አስጠጋች። መሣሪያው ጮኸ። ሴትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማን አመጣው እንበል?»

«አንድ ሹፌር» አለች ቢልቂስ።

በማግስቱ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሚኒስትሩ ጉዟቸውን ሰረዙ። መንግሥት ስለ ጉዳዩ መረጃ እንደሌለው ገለጸ። ፖሊስ ደግሞ አንድ ኮንትሮባንዲስት ሊያመልጥ ሲል ተመትቶ መሞቱን ተናገረ። ደገፋ አጭር መልእክት ላከላት፦ «አላውቅሽም። እንዳትመለሺ።»

ለቅሶው ላይ ፊቷን በሻርፕ ከልላ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። ከድንኳኑ ደጅ ሁለት ሰዎች ገቢ ወጪውን ያያሉ። የጀይላን ሚስት አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ታውቂው ነበር?»

«ዕቃ ያመጣልኝ ነበር።»

«ሌባ ነው ይላሉ።»

ቢልቂስ ወደ ደጁ አየች። እውነቱን ብትነግራት ሁለቱ ሰዎች ነገ እዚች ቤት ይገባሉ።

«አይደለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የተሰጠውን አደራ ያደርስ ነበር።»

ሚስቱ እጇን ያዘቻት። «ስምሽን ማን ልበል?»

አፏ ላይ የመጣላትን ስም ነገረቻት። ከዚያ ተነስታ ወጣች፤ መጀመሪያ የቆመላት ታክሲ ውስጥ ገባች። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችም።