በሚካኤል ዕለት አቤት ያለው ኮምፒውተር

የኮምፒውተር ባለሙያው ስማቸው ሞቶ የተገኘው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠዋት ነው። ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ጨፌ አምባ በምትባል ብርዳም ከተማ፣ የመሬት መዝገብ ቢሮው የውስጥ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ነበር። ከእግሩ ሥር አመድ የሆነ የከሰል ማንደጃ ነበር። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፤ በሩም በውጭ በኩል ተቆልፏል።

ኢንስፔክተር ዝናሽ ከጎንደር ተልካ ስትደርስ አራተኛ ቀኑ ነበር። አስከሬኑ ለምርመራ ወርዷል፤ የቢሮው ዘበኛ አያ ባምላክም ታስሯል። የከተማው ፖሊሶች ነገሩን ጨርሰነዋል ብለው ስለነበር መምጣቷን የወደደው የለም። እሷ ግን አልቋል የተባለ ነገር ሲሰጧት እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር የሚለውን ሌላው ለጨዋታ ይለዋል፣ ለእሷ ግን የምትበላው እንጀራ ነው።

ፖሊሶቹ ያስረዷት እንዲህ ነው። የበዓሉ ዕለት ቢሮው ዝግ ነበር፤ ስማቸው ብቻ የተበላሸ ኔትወርክ ሊጠግን ጠዋት ገባ። የገደለው የከሰሉ ጭስ ነው፤ ከሰሉን ያስገባለት ዘበኛው ነው። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ በሁለት ሰው እጅ ነው ያለው፤ በዘበኛውና በቢሮው ኃላፊ በአቶ ዳኛው። አቶ ዳኛው ከስድስት ሰዓት ጀምረው እስከ ማታ ጎረቤት ቀበሌ ንግሥ ላይ መዋላቸውን መቶ ሰው ይመሰክራል። ስማቸው ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ገና ሥራ ላይ ነበር። ይህን የተናገረችው ትርንጎ ናት። ጎንደር ካለው ዋና ቢሮ ሆና የየወረዳውን ኮምፒውተሮች ትከታተላለች፤ ስማቸውንም በጥር ልታገባው ነበር። በስምንት ሰዓት ኮምፒውተሩን ፒንግ አድርጋ፣ ማለት በኔትወርኩ በስሙ ብትጠራው፣ ኮምፒውተሩ አራት ጊዜ መልሶላታል። በማግስቱ ጠፍቶ ተገኘ። የሞተ ሰው ኮምፒውተር አያጠፋምና ስማቸው ከስምንት ሰዓት በኋላ በሕይወት ነበር፤ ያኔ ደግሞ ግቢው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም።

ዝናሽ መጀመሪያ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። አያ ባምላክ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«በሩን ቆልፈዋል?»

«አልቆለፍሁም ልጄ። ከቤተ ክርስቲያን ሰባት ሰዓት ግድም ብመለስ ተቆልፎ አገኘሁት። ጨርሶ ሄዷል አልሁ።»

«ምነው አላንኳኩም?»

«ቁልፍ የተንጠለጠለበትን በር ምን ብዬ ላንኳኳ?» አሉ። «እሳቱን ግን ያስገባሁ እኔ ነኝ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሮ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የመጣ። እስኪመጣ ሲጠብቅ ብርድ እንዳይበላው ብዬ አስገባሁለት፤ ከዚያ ወደ ቅዳሴ ሄድሁ።»

አቶ ዳኛው ዝናሽን በአክብሮት ተቀበሏት። ስለ ሟቹ ጨዋነት ብዙ ተናገሩ፣ ዓይናቸውንም በመሐረብ ጠረጉ። በበዓሉ ዕለት ወደ ቢሮ መጥተው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ግን ቅር አላቸው።

«ከዋዜማው ወዲህ ክፍሌን አልከፈትሁም። የእኔ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም ዘንድ የለም። የሚካኤልን ቀን አክባሪ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ሦስት ቀን ሙሉ የስማቸውን ኮምፒውተር ሲበረብሩ ነበር፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ዝናሽ ግን የሟቹን ስልክ አስመጣች። በስምንት ሰዓት ትርንጎ የላከችው ፎቶ ነበረበት፤ የእሷ ኮምፒውተር ገጽ፣ የስማቸው ስም፣ ከሥሩም አራት መልስ። መልሱ የመጣበት የኮምፒውተር አድራሻ ቁጥር በአሥራ አምስት ያበቃል። ዝናሽ የስማቸውን ኮምፒውተር ከፍታ አድራሻውን አየች፤ ሃያ ሁለት ይላል። ደጋግማ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ኃላፊው ክፍል አመራች።

በማግስቱ ሁሉንም በውስጠኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አያ ባምላክ እጃቸው በካቴና እንደታሰረ መጡ። ትርንጎ ጥቁር ለብሳ ስማቸው ሞቶበት የተገኘውን ወንበር ሳታይ ለማለፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አቶ ዳኛው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ፒንግ ማለት ስም ጠርቶ አቤት እስኪባል መጠበቅ ነው» አለች ዝናሽ። «ግን ኮምፒውተር በስም አይተዋወቅም። ስሙን ከዝርዝር ፈልጎ የሚጠራው በአድራሻ ቁጥሩ ነው። በትርንጎ ዝርዝር ላይ የስማቸው ቁጥር አሥራ አምስት ነው። የስማቸው ኮምፒውተር ግን ሃያ ሁለት ነው። አሥራ አምስት የአቶ ዳኛው ነው።»

ትርንጎ ፊቷን መለሰች። በዚያ ጠዋት ስማቸው ደውሎ የእኔንና የአቶ ዳኛውን ቁጥር፣ አድራሻ ከሚያድለው የኔትወርክ ሳጥን ላይ አቀያይሬዋለሁ፣ ዝርዝሩን አስተካክይው ብሏት እንደነበር በቀስታ ተናገረች።

«ለነገ አልሁት። ሚካኤል ነው፣ ሥራ አልነካም አልሁት። መጥራት ብቻ ሥራ አልመሰለኝም።»

ዝናሽ አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ሌላው ዞረች። «እንግዲህ በስምንት ሰዓት የመለሰው የአቶ ዳኛው ኮምፒውተር ነው። የስማቸው ያኔ በርቶ እንደነበር ምንም አያሳይም፤ እሱ ራሱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ ነበር የሚያሰኝም የለም። መብራት ግን ሌሊቱን አልነበረም። ከዋዜማው በርቶ የቀረ ኮምፒውተር ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣም የእነዚህ ዓይነቶቹ ራሳቸው አይነሡም። ስለዚህ የአቶ ዳኛውን ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ሰው በእጁ አበራው። የዚያን ክፍል ቁልፍ የያዘው አንድ ሰው ነው።»

አቶ ዳኛው የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፉና ይፈቱ ጀመር።

«እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ያየሁት የመዝገቡ ታሪክ እንደሚለው፣ በአራት ሰዓት ስማቸው ከፍቶት የነበረው መዝገብ የአንዲት ባልቴት ማሳ ነው፤ ወደ ወንድምዎ ስም ዞሯል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የእሱ ኮምፒውተር ጠፋ። ወዲያው ያ መዝገብ በእርስዎ ኮምፒውተር በኩል ተሰረዘ። ቸኩለው ስለነበር ሳያጠፉት ሄዱ።»

«ተኝቶ ነበር» አሉ አቶ ዳኛው። «የከፈተውን ሳይ አጠፋሁበትና በሩን ዘጋሁ። በእጄ አልነካሁትም።»

«ማንደጃውን አይተዋል?»

አቶ ዳኛው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ይዘው አወጧቸው፤ አንደኛው ተመልሶ የአያ ባምላክን ካቴና ፈታ። ሽማግሌው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ዝናሽ በዚያ ክፍል ውስጥ የጠራ ነገር አልታያትም።

«ኢንስፔክተር» አለች ትርንጎ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞተው?»

የሐኪሙ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ዝናሽ ልትዋሽ አሰበች፤ በዕድሜዋ ውሸት ያን ያህል አምሯት አያውቅም። ግን ወረቀቱ ነገ ፍርድ ቤት ይነበባል።

«ከአሥር ሰዓት በፊት አይደለም ይላል ሐኪሙ። ራሱን ስቶ ብዙ ቆይቷል።»

ትርንጎ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረችና ተወችው። «ዝርዝሩን አስተካክዬ ቢሆን፣ በስምንት ሰዓት አይመልስልኝም ነበር። ባይመልስልኝ ለአያ ባምላክ ደውዬ ሂዱና እዩት እላቸው ነበር።»

አያ ባምላክ ቀና አሉ።

«በር ላይ ነበርሁ፣ ልጄ» አሉ። «ቁልፉም ከኪሴ ነበር።»