በቀኝህ አንኳኳ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የሰማሁት ከአጎቴ ከራሱ አፍ ነው፤ መጨረሻውን ደግሞ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። «ተረት ተረት» የምትሉ ካላችሁ፣ ግዴለም፣ እለፉት። እኔ ላሳምናችሁ አይደለም የምጽፈው። የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው።

ደግሞ በእኩለ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ።

ጥር 1964 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቦታው ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ጀርባ።

አጎቴ ፈጠነ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ግራኝ ነው።

ዛሬ ግራኝ መሆን ማንም አይገርመውም። ያኔ ግን በግራህ ሰላም ካልክ ነውር፣ በግራህ ከጎረስክ ነውር፣ በግራህ ዕቃ ካቀበልክ «አሳዳጊ የበደለው» ትባላለህ። እናቱ ገና በልጅነቱ ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ ግራ እጁን ከወገቡ ጋር ታስረው ነበር። አረንጓዴና ቀይ ጥለት።

ስድስት ዓመት ሲሞላው ጨርቁን በፍም ሊበጥስ ሞከረ። የጨርቁ ዳር ተቃጠለ፤ የእጁ አንጓም አብሮ ተቃጠለ። እናቱ ደንግጣ ፈታችውና ጨርቁን እሳት ውስጥ ወረወረችው። አመድ እስኪሆን ቆሞ አይቶታል።

ይህን ያዙልኝ።

ካደገ በኋላ ጊታሩን ገልብጦ ይይዘዋል። የባንዱ ልጆች ሲያዩት ይስቃሉ፤ መምታት ሲጀምር ግን ዝም ይላሉ። የባንዱ መሪ ሰብስቤ ብቻ አይስቅም። እሱ ይጠላዋል።

አንድ ሆቴል ሊቀጥራቸው ሆነ። የሆቴሉ ሰውዬ ደግሞ ደብል ቤዝ ካላየሁ አለ፤ ያንን የሰው ቁመት የሚያህለውን፣ ቆመው አቅፈው የሚጫወቱትን።

«ለሰኞ ይዘህ ና» አለው ሰብስቤ። «አለበለዚያ ቦታህን እንደ ሰው በቀኙ ለሚጫወት እሰጠዋለሁ።»

ፈጠነ ያለዚያ ቦታ ምንም የለውም። ለሙዚቃ ብሎ ከቤተሰቡ ተጣልቷል፣ ትምህርቱን ትቷል። ችግሩ ደብል ቤዝ እንደ ጊታር አይገለበጥም። ሆዱ ውስጥ በወፍራሙ ክር በኩል የተጣበቀ እንጨት አለ፤ ለግራኝ ይሁን ከተባለ ሆዱን ከፍቶ እንጨቱን ማዛወር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በአዲስ አበባ ማን አለ?

አንድ ሰው ግን ነገረው። ኮልፌ ውስጥ ገብረአምላክ የሚባል የሞተ ሙዚቀኛ ሚስት አለች፣ እትዬ ወርቅዬ። ለግራኝ የተሠራ ደብል ቤዝ አላት። ለግራኝ ከሆነ በነፃ ትሰጣለች።

ለምን በነፃ ብሎ አልጠየቀም። የቸገረው ሰው መቼ ይጠይቃል።

ሴይቼንቶ ከሚሏት ትንሽ ታክሲ ወርዶ አንዲት ሱቅ በር ላይ ቆመ። ባለሱቁ ጋሽ ጀይሉ ስኳር እየመዘኑ ነበር።

«የእትዬ ወርቅዬ ቤት የት ነው ጋሼ?»

ሚዛኑን አስቀመጡ። መጀመሪያ ያዩት ፊቱን አይደለም። እጁን ነው።

«ግራኝ ነህ?»

«አዎ።»

በአገጫቸው ሰማያዊ በር አሳዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«በቀኝህ አንኳኳ።»

ፈጠነ ደሙ ፈላ። ዕድሜውን ሙሉ የሰማው ይህንኑ ነው። በቀኝህ ብላ፣ በቀኝህ ጻፍ፣ በቀኝህ አማትብ። አሁን ደግሞ ለማያውቀው ሰው በር!

እልህ ያዘው። ሄዶ በግራው አንኳኳ። ሦስት ጊዜ።

ምክር መሆኑ አልገባውም። እኔም ብሆን አይገባኝም ነበር።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሴትዮዋ ከበሩ ኋላ ቆማ ስትጠብቅ የነበረች ይመስላል። ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም።

ለሰላምታ እጇን ዘረጋች።

ግራ እጇን።

ፈጠነ ግራ ገባው፣ ግን ደስም አለው። በሕይወቱ በግራው ሰላም ያለው ሰው አልነበረም። እጇ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ደግሞ ቶሎ አልለቀቀችውም። አውራ ጣቷን የአንጓው ጠባሳ ላይ አሳርፋ ዳሰሰችው።

«ግባ» አለች። «ቆይተሃል።»

ቆጮና ጎመን ቀርቦ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ። ማስታጠቢያውን አምጥታ ውሃ አፈሰሰችለት... በግራ እጁ ላይ። ቀኙንም ሲዘረጋ ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገች።

«እሱ ይቆይ። ገና ነው።»

እንግዳ ሆኖ እንቢ ማለት ነውር ነው። በላ። እሷም ትበላ እንደሆነ ሊያይ ቀና ሲል፣ ዓይኗን ከግራ እጁ ላይ አልነቀለችም።

«ደብል ቤዙን ልየው እትዬ?»

ጓዳውን አሳየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፤ እንደተቀጣ ልጅ። ሲያዞረው ለግራኝ የተወጠረ ነው። የረጅሙ አንገት ጀርባ በአውራ ጣት ብዛት ጎድጉዷል። የአንድ ሰው ጣት አይደለም። አንዱ ጉድጓድ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጠባብ ነው፣ አንዱ በጣም ትንሽ ነው።

አቀፈው። እንጨቱ ይሞቃል። አሁን ሰው እቅፍ ውስጥ የነበረ ያህል ይሞቃል።

በግራው አንዱን ክር ነካ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ሲነግረኝ እንኳ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የኔ ነበር» አለኝ። «ያ ድምፅ የኔ ነበር።»

ግን ከድምፁ ጋር ሌላ ነገር ነበር። ደብል ቤዙ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ይንሿሿል... ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲሳብ እንደሚሰማው።

«ባለቤትዎ ግራኝ ነበሩ?»

«ገብረአምላክ?» አለች ከበሩ። «እሱማ በቀኙ ነበር። ግራኝ አይወድም ነበር።»

«ታዲያ ይሄን ለማን ሠሩት?»

«ለእነሱ፣ ለግራኞቹ። አቅፈው እስኪላመዱት ነው። ከዚያ ያቃናቸዋል።»

ያቃናቸው ነበር አላለችም። ያቃናቸዋል ነው ያለችው።

ፈጠነ ጎንበስ ብሎ በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ይበቃል። ሆዱ ውስጥ ጨርቆች አሉ። የነጠላ ጥለት፣ የአቡጀዲ ቅዳጅ፣ የሻሽ ጫፍ። ሁሉም የተቋጠሩ ናቸው። የየቋጠሮው ክብ የልጅ እጅ አንጓ የሚያህል ነው።

አንዱ ለቀዳዳው ቅርብ ነበር። በሁለት ጣቱ ሳበው።

አረንጓዴና ቀይ ጥለት። ዳሩ በፍም የተቃጠለ።

አመድ ሲሆን ያየው ጨርቅ ነው።

«ይሄን... ከየት አመጡት?»

«እሱ ያንተ ነው» አለች። «የሌሎቹን አትንካ።»

ደብል ቤዙን ለቀቀው። አልወደቀም። ማንም ሳይዘው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ፈጠነ ሮጠ። የውጭውን በር በግራው ሊከፍት ሞከረ፤ እጁ አልታዘዝ አለው። በቀኙ ከፈተው። ወደ ፀሐዩ ወጣ። ሴትዮዋ አልተከተለችውም፣ አልጮኸችምም።

ጋሽ ጀይሉ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር። አንጓውን አዩት።

ጨርቁ ታስሮበታል። የእናቱ አስተሳሰር ነው፣ ድርብ ቋጠሮ። ማንም በአንድ እጁ ለራሱ ሊያስረው አይችልም።

«በቀኝህ አላልኩህም ልጄ?»

«ስድብ መስሎኝ...»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ።»

በመቀስ ቆረጡለት። ግራ እጁ ግን ተጨብጦ ቀረ። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ፤ ወጌሻው ምች ነው አለ። ማንም አልከፈተውም።

ሰኞ ለሰብስቤ አልቻልኩም ሊለው ሆቴሉ ሄደ። መድረኩ ላይ ደብል ቤዙ ቆሟል።

«ጎበዝ፣ አስቀድመህ ላክኸው» አለው ሰብስቤ።

ፈጠነ አልላከም። ቀርቦ ሲያየው ክሮቹ ተዛውረዋል። አሁን ለቀኝ ሰው ነው የተወጠረው።

ቀኝ እጁ በራሱ ተነስቶ ክሩን መታ። የተጨበጠው ግራው የደብል ቤዙ አንገት ላይ አርፎ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ክሩን ተጫነ። ስህተት የሚባል ነገር አልነበረውም። ሰብስቤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፈው።

«ተቃናህ» አለው።

ሠላሳ ዓመት እንዲያ ተጫወተ። ሰው ቆሞ ያጨበጭብለት ነበር። «ለኔ አይደለም የሚያጨበጭቡት» ይለኝ ነበር። «እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው የተጫወትኩት። ኮልፌ፣ አንድ ክር።»

ባለፈው ጥቅምት ሞተ። አስከሬኑ ሲገነዝ እኔ ነበርኩ። ሃምሳ ዓመት ያልተከፈተው እጅ በራሱ ተከፈተ።

ውስጡ ጨርቅ ነበር። አረንጓዴው አይደለም። አዲስ፣ ቢጫ፣ ከፎጣ ዳር የተቀደደ፣ በድርብ የተቋጠረ።

ቤት ስገባ የልጄ ፎጣ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ቢጫ ነው። አንድ ዳሩ የለም።

ልጄ ሰብሌ አራት ዓመቷ ነው። ግራኝ ናት። በአጎቴ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ በቀኝሽ ብያት አላውቅም፤ በቤቴ ማንም እንዲላት አልፈቀድኩም።

ዛሬ ጠዋት ገንፎዋን ስትበላ አገኘኋት። ማንኪያውን በቀኟ ይዛለች። አንድም ጠብታ አላንጠባጠበችም።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

ገንፎዋን ጎረሰች። ግራ እጇን ከጠረጴዛው ስር አድርጋዋለች።

«አሳዪኝ እስቲ የኔ እናት።»

አወጣችው። ጨብጣዋለች።

ጣቶቿን አንድ በአንድ ልፈታቸው ሞከርኩ። ትንንሽ ጣቶች ናቸው፣ የአራት ዓመት ልጅ ጣቶች...

አልከፈት አሉኝ።