ከበሩ በላይ ያለፈው ክንድ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አናጢ ነኝ። የተሰበረ ዴስክ እጠግናለሁ፣ የወለቀ በር እመልሳለሁ። ሥራ አይጠፋም። በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ከተቀመጠ ዴስኩ ብረት ቢሆንም አይችልም።

የምሠራው ከክፍሏ ጀርባ ባለው መጋዘን ነው። መሃላችን ያለው ኮምፖንሳቶ ብቻ ነው። የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ጆሮዬን አልጥልም፤ ግን ጥጥም አልከትበትም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ሠዓሊው መጣ። የላከው ድሃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከልጆች ጋር እንዲሠሩ ሠዓሊዎችን የሚመድብ ድርጅት ነው። እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ የውጭውን ግድግዳ ከልጆቹ ጋር ሊስል ነው። ቀጭን ነው። ሱሪው ቀለም ነካው አይባልም፤ ቀለም ለበሰ ነው የሚባለው። ልጆቹ በሁለት ቀን «ቡሩሽ» አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

የመጀመሪያው ዕለት ከልጄ ጋር ተጣሉ።

ልጆቹ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ላም ስለው ነበር። እሷ እንደ ልማዷ ሰብስባ በቀይ እስክሪብቶ አረመችው።

«ይህ ምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት።

«እርማት ነዋ።»

«ሥዕል ይታረማል?»

«ላሟ ሰማያዊ ናት። እግሯ አምስት ነው። እርስዎ ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ እኔ ግን መቁጠር አስተምሬያቸዋለሁ።»

«አምስተኛው ጡቷ ቢሆንስ?»

ከዚያ ልጄ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ከሆዷ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

ሠዓሊው አንድ ሕግ ነበረው። በልጅ ሥራ ላይ እጁን አያሳርፍም። ቀለም ይበጠብጣል፣ የሚወጡበትን ወንበር ይይዛል፣ ይጠይቃል። «ይሄ ሰውዬ ወዴት እየሄደ ነው?» ይላል። መስመር አያቀናም፣ አያጠፋም። አንዱ ፀሐይን ከዶሮ አሳንሶ ከሳላት እንደዚያው ሆና ትቀራለች።

ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት በመስኮት ታየው ነበር። በሁለተኛው በሩ ላይ ቆመች። በሦስተኛው የቀለም ቡሩሾቹን ታጥብለት ጀመር። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» የሆነበትን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ረቡዕ ነበር።

«እጅህን ታጠብ እንጂ፤ ቀለም ብቻ ነው።»

«እጄ መቼ ጸድቶ ያውቃል?»

«ዛሬ ፊትህም ላይ አለ።»

«የት ጋ?»

በኮምፖንሳቶው ስንጥቅ አየሁ አልልም፤ ስንጥቅ ግን ነበረ። መሐረቧን ዘረጋችለት። ተቀብሎ ቀለም የሌለበትን ጉንጩን ጠረገ። እሷ ጫማዋን ትመለከት ነበር።

ቤት ስትመጣ ስለ እሱ አታወራም። ይህ አሳሰበኝ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ትምህርት ሲዘጋ ሂያጅ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«እኛ ምን ታጠቅን? ቡሩሽ ነው የምናጥበው።»

እውነቷን ነበር። ለሁለት ወር ያህል አንዳቸውም የልባቸውን አልተናገሩም። እሱ ቀለም ሲበጠብጥ ያያታል፤ እሷ ቀና ስትል ወደ ቀለም ቆርቆሮው ይጎነበሳል።

ግድግዳው ሊያልቅ ሲል በሁለተኛ ክፍል በር ዙሪያ ያለው ቦታ ብቻ ቀረ። ያንን ቦታ ሚጢጢ የምንላት ልጅ ወሰደችው። ክፍል ውስጥ ድምፅ የላትም፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን ነው የምታወጣው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቿ ወንበር እየያዙላት ስትስል ዋለች። ሠዓሊው ተጨማሪ ቀለም ሊያመጣ ወጥቶ ነበር፤ ልጄም የመምህራን ስብሰባ ላይ ነበረች።

ዓርብ ጠዋት ስገባ አየሁት። ከበሩ ግራ ቀጭን ሰውዬ ቆሟል፤ ሱሪው ሰባት ዓይነት ቀለም ነው። ከበሩ ቀኝ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ የሰካች ሴት። የሴትዮዋ ክንድ እንደ ገመድ ረዝሞ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከበሩ በላይ አልፎ፣ ወደ ታች ወርዶ የሰውየውን እጅ ይዟል።

እስከ እረፍት ሰዓት ያላየ አልነበረም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ያፏጫሉ። መምህራኑ ሥራ ያላቸው መስለው በዚያ ያልፋሉ። ዳይሬክተሩ መጣ።

«ሰኞ እንግዶች አሉብኝ! ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የሠርግ አልበም? አጥፋው!»

«በልጅ ሥራ ላይ እጄን አላሳርፍም» አለ ሠዓሊው።

«እንግዲያው ሌላ ሰው ያሳርፋል» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

መዞር አላስፈለገውም ነበር። እኔ ቀድሜ ተቆጥቻለሁ። ልጄ ናት፤ ሰው ምን ይላል? ነጭ ቀለም በባልዲ ሞልቼ፣ ሰፊውን ቡሩሽ ይዤ መጣሁ።

ሠዓሊው ጠጋ አለኝ። «አባባ፣ እርስዎን አልከለክልም፤ አባት ነዎት። ቆሜ ግን አላይም። ዛሬውኑ እሄዳለሁ።» ዕቃውን ወደ ቦርሳው ይከት ጀመር።

ልጄ ጠመኔ እጇ ላይ እንዳለ ከክፍል ወጣች። ልጆቹም ተከትለዋት ግልብጥ ብለው ወጡ። ቡሩሹን ከእጄ ወሰደችው። ራሷ ልታጠፋው ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ሚጢጢ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«የእኔን እጅ ምነው እንዲህ አስረዘምሽው?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። አትመልስም ብለን ነበር።

«በሩ መሃል ገባብኝ» አለች። «ካልረዘመ አይደርስም።»

«መድረስ አለበት እንዴ?»

«ቲቸር ደግሞ! እሱ ቀለም ሲያልቅበት አንቺን ነው የሚያየው። አንቺም ሰሌዳ ላይ እየጻፍሽ ትቆሚና በመስኮት ታያለሽ። እኛ ደግሞ እንጠብቅሻለን።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ።

ልጄ ተነሣች። ፊቷ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነበር።

«አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። ይህች ልጅ የሳለችው እውነት ነው?»

ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር።

«እውነት ነው። ሂያጅ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኔም ሂያጅ ነህ ብዬ ዝም አልኩ።»

«የሚቀጥለው ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ የለም እንዴ?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የጠየቅኩት ስለ ግድግዳው ነው።»

ልጄ ቡሩሹን መልሳ ሰጠችኝ። «አባዬ፣ ለእኔ ብለህ እንደመጣህ አውቃለሁ። እኔ አላፈርኩበትም። ይጥፋ ካልክ አጥፋው፤ አልቀየምህም።»

ቀና ብዬ አየሁ። ክንዱ የሚያልፈው ከበሩ በላይ ነው። የጣሪያው ውሃ የሚወርደውም እዚያው ላይ ነው። ክረምቱ ሩቅ አልነበረም። ዝናብ ቢመታው መጀመሪያ የሚታጠበው ክንዱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ይቀራሉ፣ ለየብቻቸው።

ባልዲውን አስቀመጥኩ። መጋዘን ገብቼ አጣና፣ አንድ ቆርቆሮና መሰላል አወጣሁ።

«አንተ» አልኩት ሠዓሊውን። «የት ትሄዳለህ? ና መሰላሉን ያዝልኝ።»

«ምን ሊሠሩ ነው አባባ?»

«ክዳን ነዋ! ቀለም ታውቃለህ እንጂ ዝናብ አታውቅም።»

ቦርሳውን አውርዶ መጣ። በሁለት እጁ ያዘልኝ። ልጄ ከሥር ሚስማር ታቀብለኛለች።

«እንግዶቹ እነማን ናቸው ቢሉኝ ምን ልበል?» አለ ዳይሬክተሩ።

«የአናጢው ልጅና አማቹ ናቸው ይበሉ» አልኩት ከላይ ሆኜ።

መሰላሉ ትንሽ ተነቃነቀ። ልጄም ከሥር ያዘችው።

ሠዓሊው አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመላለስ አንድም ቀን አልቀረም። ከዚያ በኋላ ተጋብተው አንድ ቤት ሆኑ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ብቻዬን በልቼ አላውቅም። ሚጢጢ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። አሁንም ብዙ አትናገርም። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ባርኔጣዬን አነሣላታለሁ። ለዳይሬክተሩ እንኳ አንሥቼ አላውቅም።