ከአጃቢዎቹ አንዷ

ፋንታሁን፣ ጆሃንስበርግ ጀፕ ሰፈር በሚገኘው አፓርታማው፣ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል፤ የብረት የሙዚቃ ኖታ ማስቀመጫው አጠገቡ ወድቋል። የመጡት ፖሊሶች ማውሱን ሲነኩት ጨልሞ የነበረው ስክሪን በራ፤ ጽሑፉ አማርኛ ስለነበር አስተርጓሚያቸውን ወይዘሮ ኤርጎጌን አስጠሩ። ወይዘሮዋ ጆበርግ ከመምጣታቸው በፊት ሀዋሳ ውስጥ የወንጀል መርማሪ ነበሩ።

ሟቹ የሙዚቃ መምህር ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው አንድ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ የኦፔራ ዘፋኞችንና የሙዚቀኞችን የሕይወት ታሪክ በበጎ ፈቃድ ያርም ነበር። የሞተው ማታ ነው፤ ሬሳውን ያገኙት በማግስቱ ጠዋት ለልምምድ የመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዘፋኟ ትሕትና፣ ባሏና ማናጀሯ ይገዙ፣ እንዲሁም ፒያኖ ተጫዋቹ መልአኩ። ፖሊስ እንደመጣ ወጥ ቤት አስገብቷቸዋል፤ የብረቱንም በር ዘግቶባቸዋል። መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ ነው። ከታች የታክሲዎቹ ጡሩምባ ይሰማል፤ ቤቱ ውስጥ ግን አየሩ ታፍኗል።

ፖሊሶቹ ጥያቄውን ስለተዉላቸው፣ ወይዘሮ ኤርጎጌ በመልአኩ ጀመሩ።

«የዚህ ቤት ቁልፍ አለህ አሉ።»

«አለኝ፣ እትዬ። ግን እሱ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ይከፍት ነበር።»

«ተጣልታችሁም ነበር።»

«ስለ እኔ ከተጻፈው ገጽ ላይ ‹ተወዳዳሪ የሌለው› የሚለውን ሰረዘብኝ። ‹ሙገሳ አይፈቀድም፤ ማን እንዳለው ምንጭ አምጣ› አለኝ። ተናድጃለሁ፤ ግን በዚህ ሰው ይገደላል?»

ይገዙ ኮቱን እንደለበሰ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ከተኳረፍን ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁም፤ እዚህ ቤትም እስከ ዛሬ አልረገጥኩም።»

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«በሚስቴ ገጽ ነዋ! ‹የራሳችሁ ዌብሳይት ምንጭ አይሆንም› እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመ። በመጨረሻ፣ ኬፕታውን ስለዘፈነችበት ኦፔራ ‹ከአጃቢ ዘፋኞች አንዷ ነበረች› ብሎ አረፈው።»

«የት አነበቡት?»

«ኢንተርኔት ላይ፣ እንደ ማንኛውም ሰው።»

ትሕትና የመስኮቱን ብረት ይዛ ተቀምጣለች።

«ገጽሽን ማን ጻፈው?»

«ይገዙ።»

«እውነት ነው የጻፈው?»

ወደ በሩ ተመለከተች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ አገር የምኖረው በእሱ ነው፣ እትዬ» አለች።

ወይዘሮ ኤርጎጌ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰቧቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«በሩ አልተሰበረም፤ የጠፋ ዕቃም የለም። ፋንታሁን ገዳዩን ያውቀዋል» አሉና ስልካቸውን ለመልአኩ ሰጡት። «ኢንተርኔት ላይ ያለው የትሕትና ገጽ ይኸው። ስለ ኬፕታውኑ ኦፔራ ምን ይላል?»

«‹ዋናዋ ዘፋኝ ነበረች› ይላል።»

«‹ከአጃቢ ዘፋኞች አንዷ› የሚል አለ?»

መልአኩ ደጋግሞ ፈለገ። «የለም።»

«አዎ፣ የለም። ያ ቃል ያለው እዚያ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ፋንታሁን ጽፎት፣ ወደ ገጹ ሳይልከው ሞተ። ዛሬ ስትገቡ ስክሪኑ ጨለማ ነበር፤ ፖሊስ ሲያበራው እናንተ ወጥ ቤት ነበራችሁ። አቶ ይገዙ፣ እርስዎ ግን ቃል በቃል ነገሩኝ። ትናንት እሱ ሲጽፍ ከጀርባው ካልቆሙ ከየት አመጡት?»

ይገዙ ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሶቹ ተጠጉ።

«እንዳይልከው ብዬ ነው። አንዴ ነው የመታሁት። ስሟን ሊያጠፋው ነበር! ለአንቺ ብዬ ነው፣ ትሕትና።»

«አርምልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለች ትሕትና።

ይገዙ ወደ እሷ ዞረ።

«ኦዲሽን ለመፈተን በሄድኩ ቁጥር ስላልዘፈንኩት ነገር ሲጠይቁኝ መዋሸት ታከተኝ። ፋንታሁን የእኔን ቃል እንኳ አልተቀበለም፤ ‹ባለታሪኳም ብትሆኚ ማስረጃ አምጪ› አለኝ። የዘፋኞቹ ስም ያለበትን የኦፔራውን ፕሮግራም ደብቄህ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፣ ይገዙ!»

ይገዙን በካቴና አስረው ወሰዱት። ትሕትና ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«የመኖሪያ ወረቀቴ በእሱ ስም ነው። አሁን ምን እሆናለሁ?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ኤርጎጌ። ሊዋሿት አልፈለጉም።

ፖሊሱ የምስክርነት ቃሏን ለመቀበል ተቀመጠ። ቃሏን በአማርኛ መስጠት መረጠች።

«ሥራሽን ይጠይቅሻል» አሏት ወይዘሮ ኤርጎጌ።

ትሕትና ቀና አለች።

«አጃቢ ዘፋኝ በሉት» አለች፤ «ከኋላ ረድፍ።»