የዮስታይን ኩሽኔታዎች

መርማሪ ቱሪድ ክቫመ ከዝናቡ ሸሽታ ወደ አዳራሹ ስትገባ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ዮስታይን ራሱ በሠራው ትልቅ የስኬትቦርድ መንሸራተቻ የእንጨት ገንዳ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቷል። ስኬትቦርዱ ጎማው ወደ ላይ ተገልብጦ ከእግሩ አጠገብ ወድቋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ይህ ሰው በገንዳው ዙሪያ እንደ ልጅ ሲንሸራተት መኖሩን የበርገን ሰው ሁሉ ያውቃል። እሑድ አዳራሹ ለሌላው ሰው ዝግ ነው፤ ያን ቀን ዮስታይን ብቻውን ይጫወትበታል።

ከገንዳው ማዶ ባለችው ኩሽና ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ሦስቱም ወለሉን ያያሉ።

መጀመሪያ የተናገረው ኦድቫር ነው። ከዮስታይን ጋር አዳራሹን ከከፈቱበት ቀን ጀምሮ አልተለያዩም።

«ዋፍል እየጋገርኩ ነበር» አለ። «እሱ እንደ ልማዱ ገንዳው ውስጥ ላይ ታች ይላል። ያ ጎማው ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል። እርስዎ አያውቁትም፣ ጥርስ ያፋጫል! ከዚያ ዷ አለ። ሮጬ ስመጣ አልቆለታል።»

«ሲጢጥታውን መስማትዎን እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴ! ስንት ዓመት የሰማሁትን? ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ አልቋል፣ ቀይረው ብንለው በጄ አላለም። በነጭ ጋዝ ያጥብና መልሶ ይከተዋል። ጎማው ድንገት ቢይዝበት ነው የወደቀው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ይህን ስትሰማ የዮስታይን ልጅ ኢልቫ በጥፊ እንደተመታ ሰው ተነሥታ ወጣች። ቱሪድ ተከተለቻት። ልጅቷ የጫማ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆማለች።

«ትናንት ተጣላን» አለች። «በዚህ ዝናብ የትኛው ኩሽኔታ ይተርፋል? ዝገቱ ውስጥ ድረስ ገብቷል። አዲስ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። ‹ይታጠባል አልኩሽ!› አለኝ። እኔም ‹እንግዲያው በዚህ ጎማ ስትወድቅ እንዳትጠራኝ› ብዬው ወጣሁ።»

«ሁልጊዜ ማን ነበር የሚያጥበው?»

«አብረን ነበር። እኔ እፈታለሁ፣ አባዬ ያጥባል። ትናንት ግን አልነካሁለትም። እኔ ነኝ የገደልኩት። ይኸው ነው፣ ይጻፉት።»

ቱሪድ አልጻፈችውም። ልጅቷ አንጀቷን በልታታለች። ይህች ልጅ ከዚህ አዳራሽ እንዲህ እያለች ከወጣች ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትል እንደምትኖር ታይቷታል።

ሦስተኛዋ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ወይዘሮ ሱልቫይ ናቸው። የአምቡላንሱን ጩኸት ሰምተው በቤት ጫማቸው መጥተዋል። በዚያ የጎማ ሲጢጥታ ምክንያት ከዮስታይን ጋር ያልተባባሉት ነገር የለም።

«የስኬትቦርዱን ሰሌዳ እሳት ውስጥ እከተዋለሁ ብለው ዝተው ነበር ይባላል» አለች ቱሪድ።

«ብያለሁ! ለምን እክዳለሁ? በየእሑዱ ግድግዳውን በመጥረጊያ ዘንግ ስደበድብ ነው የኖርኩት።»

«ዛሬስ ደበደቡ?»

«ዛሬ ምን ሰምቼ?» አሉ አሮጊቷ። «ምሳዬን በልቼ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። እሑድ ቀን እንዲህ ስተኛ የመጀመሪያዬ ነው። ታሞ ይሆን ብዬ ሳስብ ነበር የተኛሁት።»

ቱሪድ ወደ ገንዳው ወርዳ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። አንዱን ጎማ በጣቷ አሽከረከረችው። ድምፅ ሳያሰማ ጥቂት ዞሮ ቆመ። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ዘንበል ብላ ስታይ የኩሽኔታዎቹ ጠርዝ ያብለጨልጫል፤ ዳር ዳሩን ስስ ግራሶ ወጥቷል። በነጭ ጨርቅ ጠረገችው፤ ጨርቁ ወዛ እንጂ አልቆሸሸም። የጨርቁን ሌላ ጫፍ በገንዳው ወለል ላይ አሸችው። በእንጨት ብናኝ ቡናማ ሆነ።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የኩሽኔታ ማሸጊያ፣ አንድ የብሎን መፍቻና ነጭ ጋዝ የያዘ ማሰሮ አሉ። ማሰሮው ውስጥ አሮጌዎቹ ኩሽኔታዎች ተዘፍዝፈዋል። አንዱን አውጥታ ጣቷ ላይ ሰክታ አዞረችው። በደንብ ታጥቧል፤ ሆኖም አሸዋ እንደዋጠ ወፍጮ ይፈጫል። ዝገቱ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ኳሶች ቦርቡሯቸዋል፤ ይህን ማጠብ አይመልሰውም።

ስትመለስ የሟቹን እጆች አየች። ጥፍሮቹ ሥር የበሰበሰ እንጨትና የሰማያዊ ቀለም ፍርፋሪ አለ። ቀና ብላ የገንዳውን አፋፍ ቃኘች። ከሰማያዊዎቹ ሳንቃዎች አንዱ ብሎኖቹ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብተዋል። አስነሣችው። ከሥሩ ያለው አግዳሚ ውኃ እንደነካው ዳቦ በጣት ይቆረሳል።

የፖሊስ ፎቶ አንሺዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱና ሬሳው ሲነሣ ሦስቱን ወደ ገንዳው አፋፍ ጠራቻቸው። ስኬትቦርዱን በጓንት እጇ ይዛለች።

«አቶ ኦድቫር፣ ያ ድምፅ ምን ዓይነት ነበር አሉኝ?»

«ሲጢጥታ ነዋ! ስንቴ ልናገር?»

ቱሪድ ጎንበስ ብላ ሰሌዳውን ወለሉ ላይ ገፋችው። ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ የኦድቫርን ጫማ ነካና ቆመ። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ።

«ዮስታይን ኩሽኔታዎቹን ቀይሯቸዋል» አለች። «መጀመሪያ አሮጌዎቹን አጥቧል፤ ማሰሮው ውስጥ አሉ። እየፈጩ አስቸገሩትና አዲሶቹን ገጠመ። ሲጢጥ የሚል ጎማ ዛሬ እዚህ አልነበረም።»

«ምናልባት... የለመደ ጆሮ...»

«ይቆዩኝ። አዲስ ኩሽኔታ ግራሶው እርጥብ ነው። በዚህ ገንዳ አንዴ ብቻ ቢነዳ ብናኙን ሁሉ ይለቅም ነበር። ጠርዙ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ዮስታይን ሲወድቅ ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ሰሌዳውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ከአጠገቡ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ኩሽኔታው መቀየሩን አላወቀም።»

ወይዘሮ ሱልቫይ ደረታቸውን ያዙ። «ወይኔ! እኔን ጠርጥረሽ ነው?»

«እርስዎ ክፉ ቢያስቡ ኖሮ ‹ሰምቻለሁ› ይሉኝ ነበር፤ ይቀልዎት ነበር። ምንም አልሰማሁም ያሉት እውነቱ እሱ ስለሆነ ነው። ኢልቫም ብትሆን አደጋውን በራሷ ላይ ታላክካለች እንጂ አትሸፋፍነውም። ያልነበረ ድምፅ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ተነሣው ሳንቃ ጠቆመች። «በጸደይ አንዲት ልጅ እዚህ ወድቃ እግሯ መሰበሩ በፖሊስ መዝገብ አለ። እንጨቱን የሚቆጣጠረው ማን ነው? ቀለሙንስ ማን ቀባው?»

«ጋሽ ኦድቫር ነው» አለች ኢልቫ በቀስታ። ሕፃን እያለች በዚህ ገንዳ እጇን ይዞ ያስተማራት እሱ ነበር። «ልጅቷ በራሷ ጥፋት ነው የወደቀችው ብለኸን ነበር እኮ» አለችው።

ኦድቫር ጎንበስ ብሎ ሳንቃውን በእጁ ነካው።

«ጠግነን ጠግነን ነው እኮ እዚህ የደረስነው» አለ። «ዮስታይን ይህን ሳንቃ ነቅሎ ጠራኝ። ‹ነገ ለልጅቷ ወላጆች እነግራለሁ፣ አዳራሹንም እንዘጋለን› አለኝ። ‹ዛሬ ምን ነካህ?› አልኩት። ‹ኢልቫ ልክ ናት፤ ያለቀ ነገር ታጥቦ አይድንም› አለኝ። ገፋሁት... አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

ኢልቫ ልታለቅስም ልትጮኽም ፈልጋ ሁለቱንም ያልቻለች ትመስላለች። ልጅቷ እፎይ ትላለች ብላ ቱሪድ ጠብቃ ነበር፤ አሁን ግን ከእሷ አንድ ሸክም አውርዳ ሌላ እንዳሸከመቻት ገባት፤ ከፋትም።

ፖሊሶቹ ኦድቫርን ይዘውት ሲወጡ ኢልቫ ተንበርክካ ሰሌዳውን ገለበጠችው። ቱሪድ አልከለከለቻትም።

«እሺ ብሎኝ ነበር ማለት ነው» አለች።

«እሺ ብሎሽ ነበር።»

ልጅቷ አንዱን ጎማ በጣቷ አዞረችው። ምንም አልተሰማም። ያን ጸጥታ ስንት ዓመት ሲመኙ የኖሩት ወይዘሮ ሱልቫይ ናቸው አፋቸውን በሻርፓቸው ይዘው ማልቀስ የጀመሩት።