አራት ጉብታ ያለው ጋሻ

ሐሴት ያን ጋሻ ገልብጣ ባታየው ኖሮ በጥር ታገባ ነበር የሚሉ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዛሬም አሉ። የሰው ሠርግ መቁጠር መቼም አያደክም። እኔ ግን መገልበጧ ደግ ሆነ እላለሁ።

ከሸዋንግዛው ጋር የተዋወቁት ከቴፒ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የቡና ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ያን ቀን አንድ ሳጥን ችግኝ ይዞ ገባና ማስቀመጫ አጣ። አጠገቡ የነበረችው ልጅ ሳትጠየቅ ሳጥኑን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ኧረ ቀሚስሽ! ጭቃ ሆነ እኮ።»

«ለችግኙ ብዬ ነው፤ ላንተ እንዳይመስልህ።»

ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሸኮን ከተማ እስኪያልፉ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ እሱ ችግኙን የሚያይ እየመሰለ እሷን ያያል፤ እሷም ማየቱን ታውቃለች። ሚዛን ሲደርሱ ሁሉም ወረደ፣ ሁለቱ ግን አልቸኮሉም።

ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ ተነሳ። ሐሴት የቤንች ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ እንድርያስ ቡና አምራች፣ እሷ የቅርስ መዝጋቢ። የሸዋንግዛው ወላጆች ግን ከሰሜን የመጡ ሰዎች ዘር ናቸው። የሃይማኖታቸውን መለያየት እናቱ ወይዘሮ በየነች «እግዜሩ አንድ ነው» ብለው አለዘቡት። የቀረው የአባቱ የአቶ ባምላኩ ኩራት ነበር።

«የጀግና ልጅ ነኝ» ይላሉ። «የአባቴ ጋሻና ቢላዋ በመንግሥት ይመዝገብልኝ። የማን ልጅ መሆኔን የሚናገር ወረቀት በእጄ በገባ ማግስት ሽማግሌ እልካለሁ።»

መዝጋቢዋ ራሷ ሐሴት አይደለች? ሸዋንግዛው ነገሩ ያለቀ መስሎት ጓደኞቹን ጋበዘ።

ሐሴት ቤታቸው ስትሄድ አቶ ባምላኩ ጋሻውን ከግድግዳ አውርደው በኩራት አሳዩዋት። ጥቁር ቆዳ ነው፤ ፊቱ ላይ አራት የናስ ጉብታዎች አሉት።

«አራቱ አባቴ የዘመተባቸው አራት ጦርነቶች ናቸው፤ በየዘመቻው አንድ አንድ ተሸልሟል። ይህ ቢላዋ ደግሞ በአራተኛው ላይ እጀታው ተሰብሮ ይኸው መሰላል መስሎ ቀረ።»

ሐሴት ጋሻውን ገለበጠችው። ከእያንዳንዱ ጉብታ ጀርባ ቀለበት አለ፤ በቀለበቶቹ ውስጥ ሁለት ጠፍሮች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ መካከላቸው ለጣት አንጓ የሚሆን ትንሽ ትራስ ተሰፍቷል። ጉብታዎቹ ሽልማት ሳይሆኑ የእጀታው ማሰሪያ ናቸው። ተማሪ ሳለች አንድ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ የእስያ ጋሻና ቢላዋ ስትለይ ከርማለችና ይህን አሠራር ታውቀዋለች። ክው አለች።

ቢላዋውን አነሳች። በእጀታው ሁለት ዘንጎች መካከል እጇን አስገብታ አግዳሚውን ጨበጠችው፤ ስለቱ ከቡጢዋ ፊት ቀጥ ብሎ ወጣ። እጀታው ድሮም አልተሰበረም፤ ሲሠራም እንዲሁ ነበር።

አቶ ባምላኩ እጇን ትኩር ብለው አዩ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚያዘው?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለች። የቀረውን መናገር አቃታት።

በማግስቱ ሁሉንም ለሸዋንግዛው ነገረችው። ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ ለመናት።

«አንድ መስመር ናት፣ ሐሴት። የተሠራበት አገር ኢትዮጵያ በይ፤ ማንን ይጎዳል?»

«አባትህን አልዋሽም።»

«እኔን ከምታጪኝስ?»

ትወደዋለች፤ ያን ሰዓት የወደደችውን ያህል ከዚያ በፊት ወድዳው አታውቅም። «ዛሬ ላንተ ብዬ ብዋሽ፣ ነገ አንተን አለመዋሸቴን በምን ታውቃለህ?»

ሳይሰናበታት ሄደ። እሷም እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ የተሠራበት አገር ከሚለው ፊት «ህንድ» ብላ ጻፈች።

ሦስት ሳምንት አልደወለም። ዝናቡም አላባራም። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ አቶ ባምላኩ ራሳቸው የደረሳቸውን የምዝገባ ወረቀት ይዘው ቢሮዋ ገቡና ተቀመጡ።

«ህንድ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ግን አንዱ ጠፍር እዚሁ አገር ተጠግኗል፤ ጠርዙንም የጭነት ገመድ ፈትጎታል። ከበቅሎ ጋር ብዙ መንገድ ሄዷል። እሱንም ጽፌዋለሁ።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እናቴ ልትሞት ስትል ነግራኛለች። አባቴ የነጋዴ በቅሎ ጫኝ ነበር። አባቷ ‹ጋሻ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም› ቢሉት፣ ጎሬ ሄዶ የሁለት ዓመት ድካሙን ለአንድ ህንዳዊ ባለሱቅ አስረክቦ ጋሻና ቢላዋ ገዛ። ጦርነቱን ከየት አመጣው? ጉብታውን ቆጥሮ ነዋ!»

«ወድዷት ነው» አለች ሐሴት ቀስ ብላ።

«ወድዷት ነው። እኔ ግን በምን ላመካኝ? ወረቀት ባገኝ ውሸቱ እውነት የሚሆንልኝ መስሎኝ ነበር።» እንደ መነሳት ብለው ወደ በሩ ጠቆሙ። «ያ ሞኝ ውጪ ዝናብ ይመታዋል።»

ሸዋንግዛው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በስብሶ ቆሟል። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«አጥፍቻለሁ፣ ሐሴት።»

«ይህን ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀብህ?»

«መንገዱ ጭቃ ነው» አለ። ሳትወድ በግድ ሳቀች፤ እጁንም ያዘችው።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች አቶ እንድርያስ ደጅ ቆሙ። የልጁ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መምጣቱ ያልተለመደ ነውና አቶ ባምላኩን ከመካከላቸው ያየ ሁሉ ተገረመ። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ሐሴት ከጓዳው በር ኋላ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች።

«ልጁ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ አቶ እንድርያስ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤታቸው አሕመዲን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አራቱን ጦርነቶች ሊጀምር ሲል አቶ ባምላኩ ክንዱን ያዙት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጁ የእኔ ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ የበቅሎ ጫኝ ልጅ ነኝ።»

አቶ እንድርያስ ተነስተው የራሳቸውን ወንበር አቀረቡላቸው።